የአረፋው ጉዞ፦ ከእግር እስከ አንጎል

በእግር ላይ ያበጡና የተጠማዘዙ የደም መልስ ሥሮችን (ቫሪኮስ ቬይን) በመርፌ ማከም ይቻላል። ስክሌሮቴራፒ በሚባለው በዚህ ሕክምና መድኃኒቱ የሥሩን የውስጥ ግድግዳ ይጎዳል፤ ሥሩም ተጣብቆ ይዘጋል። ፈሳሽ መድኃኒት በደም ቶሎ ስለሚቀጥን ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ከጋዝ ጋር ቀላቅለው አረፋ ያደርጉታል። እ.ኤ.አ. በ2000 ጣሊያናዊው ሐኪም ሎሬንዞ ቴሳሪ ባስተዋወቁት ዘዴ፣ በሁለት የተያያዙ ሲሪንጆች መካከል አንድ እጅ መድኃኒትና አራት እጅ ያህል አየር ወዲያና ወዲህ እየተገፋ ይደባለቃል።

ታዲያ እግር ላይ የተወጋ አረፋ ከአንጎል ጋር ምን ያገናኘዋል?

ከእግር የሚመለሰው ደም በቀኝ የልብ ክፍል በኩል ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ የሳንባ ቀጫጭን ሥሮችም አብዛኛውን አረፋ ያጠምዳሉ። ነገር ግን ከአራት ሰዎች በአንዱ ገደማ፣ በጽንስነት ጊዜ በሁለቱ የላይኛ የልብ ክፍሎች መካከል የነበረው ቀዳዳ ፈጽሞ አልተዘጋም። ሰውየው ሲያስል ወይም ሲያምጥ የቀኙ ግፊት ከግራው ይበልጥና አረፋው ተሻግሮ ወደ አንጎል ሊያመራ ይችላል። ከሕክምናው በኋላ በጥቂት ሰዎች ላይ ጊዜያዊ የዕይታ መታወክና ማይግሬን፣ እጅግ አልፎ አልፎም ስትሮክ ታይቷል።

አረፋው በመንገድ ላይ ለምን አይጠፋም? የገጽ ውጥረት ጋዙን ይጨምቀዋል። ተጨማሪው ግፊት የገጽ ውጥረቱ እጥፍ ለሬዲየሱ ሲካፈል የሚገኘው ነው። የገጽ ውጥረቱን 0.05 ኒውተን በሜትር፣ ሬዲየሱን 0.05 ሚሊሜትር ብንወስድ 2000 ፓስካል እናገኛለን፤ ይህም ከከባቢ አየር ግፊት 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከአየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ሲሆን፣ ናይትሮጅን በደም ውስጥ በጥቂቱ ብቻ ይሟሟል፤ ደማችንም ከምንተነፍሰው አየር አስቀድሞ ወስዶታል። ስለዚህ አረፋው ቀስ ብሎ ይከስማል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ከናይትሮጅን ከ40 ጊዜ በላይ ስለሚሟሟ ፈጥኖ ይጠፋል።

እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የተፈቀደው ፋብሪካ ሠራሽ አረፋ ኦክስጅንንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን 65 ለ35 አዋሕዶ፣ ናይትሮጅኑን እጅግ ያሳነሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁንና የጋዙ ለውጥ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።

የአውሮፓ መመሪያዎች በአንድ ቀጠሮ የሚሰጠው አረፋ ከ10 ሚሊሊትር እንዳይበልጥ ይመክራሉ። ታካሚውም ማይግሬን፣ ስትሮክ ወይም የልብ ቀዳዳ እንዳለበት ወይም እንደነበረበት ካወቀ ከመርፌው በፊት ለሐኪሙ ይንገር። ከመርፌው በኋላ ዕይታው ቢደበዝዝ፣ ንግግሩ ቢተሳሰር ወይም እጁ ቢዝል ሳይዘገይ ሕክምና ይሻ።