መላውን ጻፈው!

ዛሬ ስንት ጊዜ ሴቭ አደረግክ?

መቁጠር አያስፈልግም። ሥራ ሲሞቅ ሴቭ ማድረግ ይረሳል። ሐሳቡ ይፈስሳል፣ ስላይዱ ያምራል፣ ድምፁ ከሥዕሉ ጋር ይገጥማል። ድንገት መብራት ይጠፋል። ወይም ሶፍትዌሩ ደርቆ ይቀራል። የ3 ሰዓት ልፋት እንደ ጉም በነነ።

ይህ ዐምድ ላንተ ነው። መመሪያና ማኑዋል ስትጽፍ ኖረህ አሁን «ይህንን ወደ ኢ-ለርኒንግ ቀይርልን» ለተባልከው። ስቶሪላይን ወይም ካፕቲቬት ተጭኖልሃል። ጊዜው አጭር ነው። ቁልፉ ብዙ ነው። የሚያሳይህ ሰው ደግሞ ቢሮው ውስጥ የለም።

ለራስህ ምን እያልክ ነው? «እኔ የቴክኖሎጂ ሰው አይደለሁም»? «ይሄ ሶፍትዌር ከኔ ጋር አይስማማም»?

እነዚህን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ዛሬውኑ ተዋቸው!

ትችላለህ። እንዲያውም ከብዙ ሰው በተሻለ ትችላለህ። የከበደውን ነገር ቆራርጦ፣ በተራ አስቀምጦ፣ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት የዕለት እንጀራህ ነው። ይህንን ችሎታ ለአለቃህ ሰጥተሃል፣ ለደንበኛ ሰጥተሃል፣ አይተኸው ለማታውቀው ተጠቃሚ ሰጥተሃል። ለራስህስ ሰጥተኸው ታውቃለህ?

የኔን ልንገርህ። ከመጀመሪያዎቹ ኮርሶቼ አንዱ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የተዘጋጀ የአማርኛ ሥልጠና ነበር። 40 ስላይድ። ላፕቶፔ ላይ ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የማስረከቢያው ዕለት ጠዋት የሥልጠና ኃላፊዋ በስልካቸው ከፈቱት። ፊደል የለም። ከዳር እስከ ዳር ባዶ ሳጥን ተደርድሯል።

ምክንያቱን ለማግኘት 2 ቀን ፈጀብኝ። የተጠቀምኩበት ቴምፕሌት የተሠራው በላቲን ፎንት ነበር። አማርኛ ስጽፍ ዊንዶውስ ድምፁን አጥፍቶ ከሌላ ፎንት ፊደል እየተበደረ ያሳየኛል። ኮርሱ ፐብሊሽ ሲደረግ ይዞት የወጣው ግን በስም የተመዘገበውን የላቲኑን ፎንት ነው። እዚያ ውስጥ «ሀ» የለም፣ «ለ» የለም። መፍትሔው 10 ደቂቃ እንኳ አልፈጀም፦ ጽሑፉን በሙሉ መርጦ ፎንቱን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ማድረግ። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ።

ሠራ። ደስ አለኝ። ወደ ሌላ ሥራ ሄድኩ።

ከ3 ወር በኋላ ሌላ ኮርስ፣ ሌላ ቴምፕሌት፣ ያው ሳጥን። ያኔ ምን አድርጌ እንደነበር ጠፋኝ! መፍትሔውን ግማሽ ቀን እንደ አዲስ ፈለግኩ። የገባኝ ያን ቀን ነው። የመጀመሪያውን 2 ቀን የወሰደብኝ ሶፍትዌሩ ነው። ሁለተኛውን ግማሽ ቀን የወሰደብኝ ግን አለመጻፌ ነው።

ማታ ወደ ቤት ስገባ ደብተር ገዛሁ። ሽፋኑ ላይ «መላ» ብዬ ጻፍኩበት።

አንተም ግዛ። ኮምፒውተር ላይ ይሻለኛል ካልክ ፋይል ክፈት። ለነገ አታሳድረው።

የምትጽፍበት 3 ነገር ብቻ ነው። ምን ሆነ? ለምን ሆነ? ምን አደረግኩ? ከላይ ቀኑንና የሶፍትዌሩን ቨርዥን አስቀምጥ። ቨርዥኑን አትዝለለው፤ ዛሬ ያዳነህ መላ ከሚቀጥለው አፕዴት በኋላ ላያስፈልግ ይችላል። «ነካካሁትና ተስተካከለ» ብለህ ደግሞ እንዳትጽፍ! የቱን ነካካህ? በየትኛው ሜኑ? ለተጠቃሚ ስትጽፍ እንዲህ ያለውን ዐረፍተ ነገር ታሳልፋለህ? ከ6 ወር በኋላ ያንን ገጽ የሚከፍተው ሰው ምንም አያስታውስም። ያ ሰው አንተ ነህ።

ከደብተሬ አንድ ገጽ ላሳይህ። ይህን ገጽ በጣም እወደዋለሁ፤ ከሶፍትዌሩ ጋር በሚመጣው መመሪያ ውስጥ ፈልገህ አታገኘውም።

«ባዶውን ቦታ ሙሉ» የሚል ጥያቄ አዘጋጀሁ። መልሱ «ፀሐይ» ነው። ሠልጣኟ «ጸሀይ» ብላ ጻፈች። ሶፍትዌሩ «ተሳስተዋል» አላት።

ተሳስታለች? በፍጹም!

ለጆሮ ልዩነት የለውም። ለኮምፒውተር ግን «ፀ» እና «ጸ» የተለያዩ ናቸው፤ «ሐ»፣ «ሀ» እና «ኀ»ም እንደዚሁ። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ሲያካትት ለእያንዳንዱ የየራሱን ቁጥር ሰጥቶታል። እስቲ ቁጠረው። 2 ዓይነት «ፀ»፣ 3 ዓይነት «ሐ»፣ 6 አጻጻፍ። በራብዑ «ሃ»፣ «ሓ» እና «ኃ» የሚጽፉትን ስትጨምር 12። አንዲት ቃል፣ 12 ትክክለኛ መልስ!

መላው ምን ሆነ? እንዲህ ያሉ ሶፍትዌሮች ከ1 በላይ ትክክለኛ መልስ ይቀበላሉ። የሚችሉትን ያህል አስገባ። ወይም ጥያቄውን ከመጻፍ ወደ መምረጥ ቀይረው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የምፈትነው ሰውየው ሥራውን ማወቁን ነው፤ የትኛውን «ሐ» እንደሚያዘወትር ማወቅ አልፈልግም። ትክክል መልሳ «ተሳስተዋል» የተባለች ሴት ሥልጠናውን ዘግታ ብትሄድ ማን ይፈርድባታል? ለእሷ ስትል ጻፈው።

ሌላ ገጽ። ሠልጣኙ ኮርሱን ግማሽ ላይ አቋርጦ ሄደ። በማግሥቱ ሲከፍተው እንደ አዲስ ጀመረበት። ለምን? ኮርሱን ከመማሪያ ሲስተሙ ጋር የሚያነጋግረው ስኮርም የሚባል ደንብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ስኮርም 1.2 ዛሬም በሰፊው ይሠራበታል። ሠልጣኙ የት እንደደረሰ የሚመዘገብበት ቦታ እዚያ ውስጥ 4,096 ካራክተር ብቻ ነው። ኮርሱ ሲረዝም፣ ጥያቄው ሲበዛ ቦታው ይሞላል። ኮርሱን ለ2 ወይም ለ3 ክፈለው። ሲስተሙ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ በስኮርም 2004 አራተኛ እትም አውጣው፤ እዚያ 64,000 ካራክተር አለህ።

ይህንን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን ያስፈልግ ነበር? አያስፈልግም። አንድ ቀን ተበሳጭቶ፣ አንድ ቀን ፈልጎ፣ አንዴ መጻፍ ይበቃል።

«እሺ፣ ደብተሩ ውስጥ የሌለ ችግር ሲመጣስ?» ትለኝ ይሆናል።

ይመጣል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይመጣል። ፐብሊሽ ትላለህ፣ መሀል ላይ ይቆማል። ማስረከቢያው ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ልብህ ይመታል። ይህንን ትነካለህ፣ ያንን ትነካለህ፣ ሦስተኛውን ስትነካ የመጀመሪያውን ምን እንዳደረግከው ይጠፋሃል።

እጅህን ከማውሱ ላይ አንሳ።

ውኃ ጠጣ። አሁን የፋይሉን ኮፒ አውጣ። ከኮፒው ላይ ግማሹን ስላይድ አጥፋና ፐብሊሽ አድርግ። ሠራ? ጥፋቱ ያለው ባጠፋኸው ግማሽ ውስጥ ነው። አልሠራም? በቀረው ውስጥ ነው። ጥፋት ያለበትን ግማሽ እንደገና ለሁለት ክፈለው። 40 ስላይድ ቢኖርህ ወደ 20፣ ወደ 10፣ ወደ 5 ትወርዳለህ። አንድ ስላይድ ብቻ ካስቸገረ ቢበዛ በ6 ዙር ይያዛል። ያንን ስላይድ ከባዶ ሠርተህ ተካው። ድንጋጤ በሒሳብ ሲገፋ ይሸሻል፤ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ኮርሱ ላንተ ይሠራል፣ የደንበኛው ሲስተም ላይ ግን እምቢ ይላል? ክርክር አትግጠም። ስኮርም ክላውድ የሚባለው የኮርስ መሞከሪያ ድረ ገጽ ላይ ጭነህ ሞክረው። እዚያም ከተበላሸ መጀመሪያ የራስህን ፋይል ፈትሽ። እዚያ ከሠራ የደንበኛውን የአይቲ ባለሙያ ማስረጃ ይዘህ አነጋግር። ተረጋግተህ፣ በአክብሮት። ብዙ ጊዜ ወዲያውኑ ይተባበሩሃል።

አንዴ ፋይል የጠፋበት ሰው ሶፍትዌሩን መፍራት ይጀምራል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ፍርሃቱን በምክር አታስወጣውም፤ በልማድ ታስወጣዋለህ። ከፍላሽ ላይ ወይም ከኔትወርክ ድራይቭ ላይ ከፍተህ አትሥራ። ወደ ሲ ድራይቭ ቅዳው፣ እዚያ ሥራ፣ ማታ ኮፒውን ወደ ፍላሹ መልስ። የስቶሪላይን ሠሪዎች ራሳቸው የሚመክሩት ይህንን ነው። የፎልደር ስም አታርዝም፤ ዊንዶውስ ላይ የፋይሉ ሙሉ አድራሻ ከ260 ካራክተር ሲያልፍ ጣጣ ይመጣል። በየቀኑ በአዲስ ቁጥር ሴቭ አድርግ። ዛሬ ቢበላሽ የትናንቱ አለልህ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንህ። ጽሑፍህን ሶፍትዌሩ ውስጥ ብቻ አታኑር!

ፍላሽ ፕሌየርን አስታውስ፤ ኪስ ውስጥ የምንይዘውን ፍላሽ ማለቴ አይደለም፣ የአዶቢውን። ለዓመታት ብዙ የኢ-ለርኒንግ ኮርስ በእሱ ይሠራ ነበር። አዶቢ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ድጋፉን አቆመ። ጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ፕሌየሩ ይዘት ማጫወት እንዲያቆም ተደረገ። በዚያ የተሠሩ ኮርሶች ደረቁ። ጽሑፉን፣ የድምፁን ስክሪፕትና ሥዕሎቹን ለብቻ በፎልደር ያስቀመጠ ሰው እንደገና ገነባ። ያላስቀመጠው ከዜሮ ጀመረ። መሣሪያ ይለወጣል። ካፕቲቬት ራሱ ዱሮ ሮቦዴሞ ይባል ነበር፤ ከኢ-ሄልፕ ወደ ማክሮሚዲያ፣ ከማክሮሚዲያ ወደ አዶቢ ተላልፏል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ እንደ አዲስ ተሠርቶ ወጣ። የድሮውን ቁልፍ በቃል ሸምድደህ ቢሆን ኖሮ ምን ይቀርልህ ነበር?

ስለዚህ መጀመሪያ ወርድ ላይ ጻፍ። እዚያ አርም። እዚያ አስጸድቅ። ከደንበኛ የመጣው ጽሑፍ ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ከሆነም እዚያው ቀይረው፤ ሶፍትዌሩ ውስጥ ስትለጥፈው የማይነበብ ምልክት ይሆንብሃል። ጽሑፉ ሲያልቅ ብቻ ስቶሪላይንን ክፈት።

ጊዜ የለኝም እንዳትለኝ። ለአንድ ገጽ 5 ደቂቃ ይበቃል። ዐርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ 15 ደቂቃ ወስደህ የሳምንቱን መላዎች አንብባቸው። በዚህ ከጸናህ 1 ዓመት ሳይሞላ ቢሮው ውስጥ ሰው የሚጠይቀው አንተን ይሆናል።

ባለፈው ዓመት አንዲት ወጣት ባልደረባ ተቀላቀለችን። ጎበዝ ጸሐፊ ናት፤ ሶፍትዌሩን ግን ከዚያ በፊት ከፍታው አታውቅም። በመጀመሪያው ቀን ደብተሩን ሰጠኋት። በሁለተኛው ሳምንት እኔ መስክ ወጣሁ። 4 ቀን ሙሉ ስልኬ አልጠራም።

ስመለስ ደብተሩ ጠረጴዛዬ ላይ ተከፍቶ ጠበቀኝ። በእሷ የእጅ ጽሑፍ አዲስ ገጽ ተጨምሯል።

«ምን ሆነ፦ ስልክ ላይ ‹ቀጣይ› የሚለው በተን ሲነካ አይሠራም። ለምን ሆነ፦ የአማርኛው ጽሑፍ ሰፍቶ ሳጥኑ በተኑን ሸፍኖታል። ምን አደረግኩ፦ ጽሑፉን ለ2 ስላይድ ከፈልኩት፣ በተኑን ከጽሑፉ በላይ አወጣሁት። በ3 ዓይነት ስልክ ሞክሬዋለሁ።»

ከላይ ቀኑ አለ። ቨርዥኑም አለ።