ዙሩን ማን ቆጠረው?

ልጄ፣ እሑድ ዕለት 32ኛው ኪሎ ሜትር ላይ አቋርጠህ ከአስፋልቱ ዳር ስትቀመጥ አይቼሃለሁ። ያኔ ያልቀረብኩህ ጨክኜ አይደለም። ላቡ ያልደረቀ ሯጭ ምክር አይሰማም፤ እኔም በአንተ ዕድሜ አልሰማም ነበር። ዛሬ ሐሙስ ነው። እናትህ ደውላ «ከቤት አልወጣም ብሏል፤ መሮጫ ጫማውንም ለታናሽ ወንድሙ ሰጥቶታል» ስትለኝ ዝም ማለት አቃተኝ። በሯጭነትም በአሰልጣኝነትም ያየሁትን እንደመጣልኝ ጽፌልሃለሁ፤ ረጋ ብለህ አንብበው።

1. በተሸነፍክበት ሳምንት ትልቅ ነገር አትወስን። መጀመሪያ ብላ፣ እንቅልፍህን ጥገብ። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ያሻሻለ ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በኒውዮርክ ማራቶን ጉልበቱን አሞት አቋርጦ ወጣና በዚያው ቀን «ሩጫ አቁሜያለሁ» አለ። ብዙም ሳይቆይ ቃሉን አነሣ። ኃይሌን የሚያህል ሰው በሕመሙ ሰዓት የተናገረውን ከመለሰ፣ አንተም ጫማህን ከወንድምህ መቀበል አያሳፍርህም።

2. ስህተትህን በስሙ ጥራው። «ቀኑ የእኔ አልነበረም»፣ «ዕድል ጠመመብኝ» የሚል ሯጭ በሚቀጥለው ዓመትም እዚያው ቦታ ላይ ይወድቃል፤ ዕድልን የሚያስተካክል ልምምድ የለምና።

ስለ ምሩጽ ይፍጠር ሰምተሃል፤ ይህን ግን ላትሰማ ትችላለህ። እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካ ውስጥ ደርሃም በምትባል ከተማ አፍሪካና አሜሪካ ሲወዳደሩ በ5,000 ሜትር ተሰለፈ። በ400 ሜትር መም ላይ ይህ ርቀት አሥራ ሁለት ዙር ተኩል ነው። ምሩጽ የመጨረሻው ዙር መስሎት ተፈተለከ፣ ሁሉንም ጥሎ ሄደ፣ ጨረስኩ ብሎም ቆመ። አንድ ዙር ይቀረው ነበር። ድሉን አሜሪካዊው ፕሪፎንቴይን ወሰደው።

እንግዲህ አስብ። እግሩ አልደከመም፣ ልቡም አልከዳውም፤ የተሳሳተው ቆጠራው ብቻ ነው። ያን ማታ «አሜሪካኖቹ ይበልጡኛል» ብሎ ቢያድር ኖሮ ያልታመመውን ሲያክም ይኖር ነበር። በማግስቱ በ10,000 ሜትር ተሰለፈና አሸነፈ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሞስኮ ላይ ደግሞ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው መቼ መውጣት እንዳለበት በማወቁ ነው። ሦስት መቶ ሜትር ያህል እስኪቀር ታግሦ ከጠበቀ በኋላ የሚደርስበት አልተገኘም። ሕዝቡ «ማርሽ ቀያሪው» ያለው በዚህ ነው። እኔ ስለ ሞስኮ በተነሣ ቁጥር የሚታወሰኝ ያ በደርሃም የተዘለለ አንድ ዙር ነው።

3. የራስህን ድርሻ ከሌላው ድርሻ ለይ። እዚህም ምሩጽን አልለቅም። በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘ፤ የ5,000 ሜትር ማጣሪያ ሲጀመር ግን መነሻው ላይ አልነበረም። ለምን እንደቀረ ብዙ ዓይነት ታሪክ ሲወራ ኖሯል። በ1976 ደግሞ የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ሲወጡ ኢትዮጵያም አብራ ወጣች፤ በዚህ የእሱ እጅ የለበትም። የደርሃሙ የራሱ፣ የሞንትሪያሉ የሌላ ነው። ሁለቱን የደባለቀ ሰው ወይ ራሱን ያለ ጥፋቱ ይገርፋል፣ ወይ ጥፋቱን በሰው ላይ ይለጥፋል።

የእሑዱን እንለየው። 25ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ውሃ የሚያቀብልህ ሰው አልነበረም። ያ የእኔ ጥፋት ነው፤ ሰው አዝዤ መድረሱን ሳላረጋግጥ ቀረሁ። ይቅርታ አድርግልኝ። አንተ ደግሞ በኪሎ ሜትር 3 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ልትሮጥ ተስማምተን፣ የመጀመሪያውን 10 ኪሎ ሜትር በ30 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ አለፍክ። ሰማንያ ሰከንድ ቸኮልክ ማለት ነው። በጡንቻና በጉበት ያጠራቀምነው ስኳር የተወሰነ ነው፤ በፈጠንክ ቁጥር ቶሎ ያልቃል፣ ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላም እግር አልታዘዝ ይላል። ውሃው ቢደርስህም 40ኛውን አታይም ነበር። ይህ የአንተ ነው፤ ማንም አይወስድልህም።

በዚህ የወደቅህ የመጀመሪያው አይደለህም። በ1963 አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ ቦስተን ላይ ከክብረ ወሰን በፈጠነ አሯሯጥ ወጥተው መሩ፤ በኋላ ብርዱ፣ ነፋሱና ዳገቱ ያዛቸው። አበበ አምስተኛ፣ ማሞ አሥራ ሁለተኛ ሆነው ገቡ። አበበ ሮጦ ከጨረሳቸው ዓለም አቀፍ ማራቶኖች ያላሸነፈው ያን ብቻ ነው። በዓመቱ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ወርቁን በክብረ ወሰን ወሰደ። አሥራ ሁለተኛው ማሞም በ1968 ሜክሲኮ ላይ በ36 ዓመቱ አሸነፈ።

4. ትምህርት የሌለው ሽንፈትም አለ። በዚያው በሜክሲኮ አበበ እግሩን ታምሞ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋርጧል። ታሞ ነበር፣ በቃ። ከእያንዳንዱ ውድቀት የግድ ትርጉም ካልፈለቀቅኩ እያልክ አትጨነቅ።

5. ጻፈው። በዚያው ሳምንት፣ በደብተር፣ በቁጥር። ትዝታ ከዓመት በኋላ ለባለቤቱ ያደላል።

6. ስህተትህ ሌላ ሰው ከጎዳ ማረም ብቻውን አይበቃም። ይህን የምጽፍልህ እጄ እየከበደኝ ነው።

ከሃያ ዓመት በፊት አንዲት የ17 ዓመት ልጅ አሠለጥን ነበር። ከገጠር የመጣች፣ ዝምተኛ፣ ስትሮጥ መሬት የማትነካ የምትመስል። አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ «ጋሼ፣ ቅልጥሜን ያመኛል» አለችኝና ጣቷን አጥንቷ ላይ፣ አንዲት ነጥብ ላይ አሳረፈች። ጡንቻ ሲያም ሰፋ አድርጎ ነው፤ አጥንት መሰንጠቅ ሲጀምር ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ በአንድ ቦታ ይጠዘጥዛል። ይህን አውቅ ነበር። ውድድሩ አሥር ቀን ቀርቶታል፣ ክለቡ ነጥብ ይፈልጋል፣ እኔም ስሜን እፈልጋለሁ። «ሲሞቅ ይለቅሻል» አልኳት። ሮጠች። ሦስት ዙር ሲቀራት ወደቀች። ራጁ ስንጥቁን አሳየን። ወራት አርፋ ብትመለስም እንደ ቀድሞው አልሆነችም፤ በመጨረሻ ወደ ቤተሰቦቿ ሄደች።

ለጠየቀኝ ሁሉ «አጥንቷ ደካማ ነበር» እል ነበር። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አልኩ። ከዚያ አንድ ቀን አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ትንሽ ሱቅ ከፍታለች፣ ልጅ ወልዳለች። ቡና አፈላችልኝ። «ነግረሽኝ ነበር፤ እያወቅኩ አሮጥኩሽ» አልኳት። ስኒውን አስቀመጠችና ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በኋላ «ያኔ ይህን ቢሉኝ ኖሮ ጥፋቱ የእኔ ነው እያልኩ አልኖርም ነበር» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ያመመው ሯጭ ሁሉ ቦታውን በጣቱ እንዲያሳየኝ አደርጋለሁ። አንዲት ነጥብ ካሳየኝ ሐኪም ሳያየው ልምምድ የለም። አምና እያለቀስክ ሦስት ሳምንት ያስቀመጥኩህ በዚህ ነው። ለእኔ ትምህርት ሆኖኛል፤ ዋጋውን የከፈለችው ግን እሷ ናት። ስለዚህ አንተ የበደልከው ሰው ካለ ዘጠኝ ዓመት አትጠብቅ። ስትሄድም «ነገር ግን» የሚለውን ቃል እቤት ትተኸው ሂድ።

7. በወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል። በዚህ ሳምንት አስተያየት የማይሰጥህ የለም፤ ውድድሩን ያላየውም ጭምር። አይተው የማይዋሹህን አንድ ሁለት ሰዎች ምረጥና እነሱን ጠይቅ። ሌላውን በትሕትና አሳልፈው።

8. አንድ ነገር ብቻ አርም። የተሸነፈ ሰው ምግቡንም ጫማውንም አሰልጣኙንም በአንድ ጊዜ ይለውጥና የትኛው እንደጠቀመው ሳያውቅ ይቀራል። የአንተ የመጀመሪያው 10 ኪሎ ሜትር ነው። እስከ ጥር ሌላ ነገር አንነካም።

ሰኞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሱሉልታ እጠብቅሃለሁ። ቀላል ሩጫ ነው፣ 40 ደቂቃ ብቻ። ደብተርህን ያዝ፤ ለወንድምህ ሌላ ጫማ እንፈልግለታለን። የእጅ ሰዓቴንም አመጣልሃለሁ፤ ከእንግዲህ ሰዓቱን የምትይዘው አንተ ነህ።