ለታናናሾቻችን በገና ምን እንስጣቸው?



ከኅዳር 15 ቀን ጀምረን ጾመን ታኅሣሥ 29 ቀን የጌታችንን ልደት እናከብራለን። በየቤቱ ዳቦ ይደፋል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ዶሮ ይሠራል። አባቶቻችን ከዛፍ በተቆረጠ ዱላና ከእንጨት በተጠረበ ሩር ገና ሲጫወቱ ጌታና ሎሌ ሳይባባሉ ይጋጠሙ ነበር። ለዚያ ሁሉ ደስታ ገንዘብ አላስፈለገም።

ዛሬ ግን በከተማ በዓሉ ሲቃረብ ሱቆች በፕላስቲክ ጥድና በአሻንጉሊት ይሞላሉ። ልጆች «ለአንተስ ምን ተገዛልህ?» ይባባላሉ፤ ያልተገዛለት አንገቱን ይደፋል፤ አባትም ልጁ እንዳያፍር ብሎ ይበደራል። በድህነት የተወለደው ጌታ በዓል ድሀውን የሚያሳፍር ከሆነ ምኑን አከበርነው?

ስጦታ በራሱ ክፉ አይደለም። ሰብአ ሰገል ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ አቅርበዋል (ማቴ. 2፥11)፤ ነገር ግን ከሩቅ አገር የመጡት ሊሰጡ እንጂ ሊቀበሉ አልነበረም። «የገና አባት» የሚባለውም መነሻው በ4ኛው መቶ ዓመት የሜራ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው፤ እርሱም የሚታወቀው ለድሆች በስውር በመስጠቱ ነው።

እንግዲህ እኛ ታላላቆች ታናናሾቻችንን መስጠትን እናስተምራቸው። ዳቦው ሲቆረስ ለብቻቸው ለሚኖሩት ጎረቤት ድርሻቸውን ልጁ ራሱ ያድርስ። አዲስ ልብስ ከተገዛለትም ያጠረውን አጥቦ ለሌለው ይስጥ። አሻንጉሊቱ እስከ ጥምቀት ይሰበር ይሆናል፤ በልጅነት የተማሩት ቸርነት ግን አብሮ ያድጋል (ሐዋ. 20፥35)።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።