ጾሙስ አብረን ነው፤ ማዕዱስ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፥ ስለ ጾም ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለማንበላው ነገር ነው። ይህ ብስኩት ወተት አለበት ወይ? ዘይቱ ምንድን ነው? እስከ ስንት ሰዓት ይጾማል? መጠየቁ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ጾሙን ስንፈታ ከማን ጋር እንደምንቀመጥ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ገበታ ይቀርባል፥ ገበታ ይነሣል። ለመሆኑ በዙሪያው እነማን አሉ?

አባታችንን አብርሃምን እናስብ። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18 በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ሦስት ሰዎችን አይቶ ሊቀበላቸው እንደሮጠ ይነግረናል። ሊቃውንቶቻችን ይህን ሲያስተምሩ ከዚያ በፊት የሆነውንም ይተርኩልናል። አብርሃም ያለ እንግዳ እህል አይቀምስም ነበር። ሰይጣን በዚህ ቀና። ራሱን ፈንክቶ መንገድ ዳር ቆመና አብርሃም እንደ ድሮው አይደለም፥ ደብድቦ ገፎ ሰደደኝ እያለ ለመንገደኛው ሁሉ አስወራ። ሰውም እየፈራ መንገድ ቀየረ። አብርሃም እንግዳ አጥቶ ሦስት ቀን እህል ሳይቀምስ ቆየ። ልብ በሉ፥ ቤቱ እህል ጠፍቶ አይደለም! የጠፋው ሰው ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ግን ሥላሴ በእንግድነት መጡለት።

የእኛ ነገር ተገላቢጦሽ ሆኗል። በተለይ ከተማ ላይ ሰይጣን መንገድ ዳር መቆም አላስፈለገውም፤ በሩን እኛው ዘግተነዋል። አባት ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ከመሥሪያ ቤቱ አጠገብ የጾም በያይነት ይበላል። ልጆች ከትምህርት ቤት መጥተው ሳህናቸውን ይዘው ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣሉ። እናት ቆማ ስታጎርስና ስትቀምስ ትጠግባለች። አንድ ቤት፥ አንድ ጾም፥ አራት ገበታ!

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። የቤት ሠራተኛችን የት ነው የምትበላው? ከእኛ እኩል ጾማ፥ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ እንጀራውን ጋግራ፥ ሽሮውን ሠርታ፥ የእኛን ገበታ ከዘረጋች በኋላ ማጀት ገብታ ብቻዋን ትቀመጣለች። አንዳንድ ቤትማ የምትበላው የተረፈውን ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ምእመናን በብርቱ የገሠጻቸው በዚሁ ነገር አይደለምን? ተሰብስበው ሳለ እያንዳንዱ የራሱን እራት እየቀደመ ይበላል፥ አንዱ ይራባል ሌላው ይሰክራል፤ በዚህም የሌላቸውን ታሳፍራላችሁ አላቸው። (1ኛ ቆሮ. 11፥20-22) «ኧረ ልማድ ሆኖ ነው፥ ብንጠራትም ታፍራለች» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፥ በመጀመሪያው ቀን ታፍራለች። ማፈሯ እኮ እስከ ዛሬ ስላልተጠራች ነው። በሦስተኛው፥ በአራተኛው ቀን እሷም ትለምዳለች፥ እናንተም ትለምዳላችሁ። ልጆቻችሁ ይህን ሲያዩ ስለ ጾም የሚማሩት ነገር ብዙ ስብከት ሰምተው ከሚማሩት አያንስም።

በሥራ ቀን ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት ቤት መገኘት እንደማይችል እናውቃለን። ስለዚህ በቅዳሜና በእሑድ ጀምሩ። በእነዚህ ቀናት ከቅዳሜ ስዑር በቀር ከቅዳሴ በኋላ ስለሚበላ ቤተሰቡን መሰብሰብ አይከብድም። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፥ ስልኩም ሌላ ክፍል ይቀመጥ። አቡነ ዘበሰማያትን ትንሹ ልጅ ያድርስ፤ ቢሳሳት አትሣቁበት። ምግቡ በአንድ ትሪ፥ መሶብ ካላችሁም በመሶብ ይቅረብ። ክክ ወጥ ይሁን ምስር፥ ጎመን ይሁን ተልባ ለውጥ የለውም። በቤት ውስጥ ሕመምተኛ ወይም አራስ ካለችና ከንስሐ አባቷ ጋር ተመካክራ ቀደም ብላ የምትመገብ ከሆነ ተደብቃ እንድትበላ አታድርጉ። ከእናንተ ጋር ትቀመጥ፥ ባትበላም ታጎርሳችሁ። ጉርሻ በጾም አልተከለከለም!

ደግሞ ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም ለተራበ ከእንጀራ መቁረስና ድሀውን ወደ ቤት ማግባት እንደሆነ ነግሮናል። (ኢሳ. 58፥7) ቁርስ ሳንበላ ስንውል የተረፈው ገንዘብ የት ነው የሚገባው? በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ሰላም ብላችሁ የምታልፏት፥ ልጆቿ ውጭ አገር ያሉባት እናት አለች እንበል። ምግብ አላጣች ይሆናል፤ አብሯት የሚቆርስ ነው ያጣችው። አንድ ሳህን ሱፍ ፍትፍት በልጅ እጅ መላክ ጥሩ ነው። እሷን ራሷን መጥራት ግን ይበልጣል።

የጾሙ አራተኛ እሑድ መጻጉዕ ይባላል። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት የተኛው በሽተኛ ጌታችን ሊድን ይወድ እንደሆነ ሲጠይቀው ሕመሙን አልዘረዘረም። ውኃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው የተናገረው። (ዮሐ. 5፥1-9) እስቲ በዚያ ሳምንት ከልጆቻችሁ ጋር አንድ በሽተኛ ጠይቁ። አስቀድማችሁ ደውሉ፥ ብዙ አትቀመጡ። ጠበል ይሻላል ሐኪም እያላችሁ በታመመው ሰው ራስ ላይ አትከራከሩ፤ ይህ የብዙዎቻችን አመል ነው። ልጁ ብርቱካኑን በእጁ ይስጥ፥ የታመሙት አባት ወይም እናትም ይመርቁት።

በሌላው እሑድ ደግሞ አብራችሁ በእግር ውጡ። አዲስ አበባ የምትኖሩ ከቅዳሴ በኋላ ወደ እንጦጦ መውጣት ትችላላችሁ። የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ሥርዓተ ንግሥ በ1882 ዓ.ም. የተፈጸመባትን እንጦጦ ማርያምን ተሳልማችሁ፥ ታሪኩንም ለልጆቻችሁ ነግራችሁ በባሕር ዛፉ መካከል ትወርዳላችሁ። አያት የሚደክማቸው ከሆነ እስከ ላይ በመኪና ይሂዱና ቁልቁለቱን ቀስ ብለው ከልጆቹ ጋር ይውረዱ፤ ወሬውም የሚጥመው ያኔ ነው። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ስትቋጥሩ ለራሳችሁ ብቻ አትቋጥሩ። በደጀ ሰላሙ የተቀመጡ ነዳያን አሉና፥ ልጆቹ በእጃቸው ያካፍሉ። ሲሰጡም ቆመው ወርውረው እንዳያልፉ፥ ዝቅ ብለው ስማቸውን ይጠይቋቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።