ቃሉን በስፍራው ማንበብ፣ በእውነት መስበክ
(የቅዱስ መጽሐፍ ጥናት፦ ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 28 እና 29)



በቤታችን ግድግዳ፣ በሠርግ ካርድና በመኪና መስታወት ሳይቀር ተጽፈው ከምናገኛቸው የብሉይ ኪዳን ቃላት አንዱ ኤርምያስ 29፥11 ነው። እግዚአብሔር ለሕዝቡ ያለው አሳብ የሰላም እንጂ የክፉ እንዳይደለ የሚያበሥር ቃል ነውና ብንወደው አያስደንቅም። ነገር ግን ለማን፣ መቼና ስለ ምን እንደ ተነገረ ሳንጠይቅ ብንሰብከው፣ ነቢዩ የተቃወመውን ስብከት ራሱን እንሰብክ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱን ምዕራፎች አብረን እናጥና።

1. ቃሉ የተነገረበት ዘመን

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ዓመት ናቡከደነፆር ንጉሡን ኢኮንያንን፣ እናቱን፣ መኳንንቱንና የእጅ ጥበብ ዐዋቂዎችን ከኢየሩሳሌም ወደ ባቢሎን አፈለሰ። በስፍራው ሴዴቅያስ ነገሠ። ቤተ መቅደሱ ገና አልፈረሰም ነበርና፣ በአገሩ የቀረውም የተማረከውም ሕዝብ መከራው ፈጥኖ ያልፋል የሚለውን ድምፅ ለመስማት ይናፍቅ ነበር።

2. ሁለቱ ሰባኪዎች

ያንን ድምፅ ያሰማው ሐናንያ ነው። በቤተ መቅደስ በካህናትና በሕዝብ ፊት ቆሞ የባቢሎን ቀንበር እንደ ተሰበረ፣ ምርኮኞቹም በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚመለሱ ተናገረ። ይህንም ያለው በእግዚአብሔር ስም ነው።

የኤርምያስን መልስ ልብ እንበል። በመጀመሪያ «አሜን» አለ (28፥6)፤ የወገኖቹን መመለስ እርሱም ይወድ ነበርና። ይሁን እንጂ የሰባኪ ምኞት የቱንም ያህል መልካም ቢሆን የእግዚአብሔር ቃል አይሆንም። ሐናንያ በነቢዩ አንገት የነበረውን የእንጨት ቀንበር በሰበረ ጊዜ ኤርምያስ ሳይከራከር መንገዱን ሄደ። የተመለሰው ከእግዚአብሔር ቃል ከተቀበለ በኋላ ነው፤ ያም ቃል በእንጨቱ ፈንታ የብረት ቀንበር እንደሚመጣ የሚናገር ነበር (28፥11-14)። ታማኝ ሰባኪ ሳይቀበል አይናገርም፤ የተቀበለውንም መራራ ነው ብሎ አያስቀርም።

3. ደብዳቤው

ምዕራፍ 29 ኤርምያስ ለምርኮኞቹ የላከው ደብዳቤ ነው። ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ልጆቻቸውን እንዲድሩ፣ ለተማረኩባትም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ያዝዛቸዋል (29፥5-7)። መመለሻቸው ከሰባ ዓመት በኋላ ነው (29፥10)። እንግዲህ ደብዳቤው ሲነበብ ከሰሙት ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ኢየሩሳሌምን ዳግመኛ አያዩም። ቁጥር 11 የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ተስፋው ለሕዝቡ በአንድነት የተሰጠ ነው፤ መጠበቅን አያስቀርም፣ በመጠበቅ ውስጥ ያጸናል እንጂ።

4. የቤተ ክርስቲያን መመሪያ

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው «ዴይ ቬርቡም» በተባለው ሰነድ ቁጥር 12፣ አንባቢው የጸሐፊውን አሳብ፣ የአጻጻፉን ዓይነትና የዘመኑን ልማድ እንዲመረምር፣ ደግሞም እያንዳንዱን ክፍል ከመላው መጽሐፍና ከሕያው ትውፊት ጋር አስማምቶ እንዲረዳ ያስተምራል። በቁጥር 25 ካህናት፣ ዲያቆናትና ካቴኪስቶች በትጋት እንዲያነቡና እንዲያጠኑ፣ ንባቡም ከጸሎት እንዳይለይ ያሳስባል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 16ኛም እ.ኤ.አ. በ2010 በ«ቬርቡም ዶሚኒ» ቁጥር 59 ለሰባኪ ሦስት ጥያቄዎችን አቅርበዋል፦ የሚነበበው ቃል ምን ይላል? ለእኔ ለራሴ ምን ይለኛል? በዚህ ኑሮ ውስጥ ላለው ማኅበር ምን ልበል?

የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የአንድምታ ሊቃውንትም ደቀ መዝሙሩን አስቀድመው ንባቡን ያስጠኑታል፤ ወደ ትርጓሜው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

5. በምእመናን ፊት ስንቆም

በብዙ ቁምስናዎቻችን ልጇ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ሪያድ ለሥራ የሄደችባት እናት በቅዳሴ ትገኛለች። ቁጥር 11ን ነጥለን «በዚህ ዓመት ትመለሳለች» ብንላት እሑድ ደስ ብሏት ትሄዳለች። ዓመቱ ሲያልፍ ግን የምትጠራጠረው ሰባኪውን ብቻ አይደለም፤ እግዚአብሔር ዋሸኝ ትላለች። የቸኮለ ስብከት ጉዳቱ ይህ ነው።

ደብዳቤውን በሙሉ ስናነብላት ግን፣ እግዚአብሔር በባዕድ አገር ያሉትን እንዳልረሳ፣ እዚያም በጸሎት እንደሚገኝ (29፥12-14) እንነግራታለን። ቀኑን አንቆርጥላትም። ቁምስናውም እንዲጠይቃት፣ እንዲጸልይላት፣ በሚያስፈልጋትም እንዲረዳት እናሳስባለን። ይህ ስብከት የሚሰጠው ተስፋ ዓመት ቢያልፍበትም አይወድቅም።

ለግልና ለማኅበር ጥናት

ሀ. ኤርምያስ 28 እና 29ን በአንድ ጊዜ አንብቡ። ሐናንያና ኤርምያስ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
ለ. በቃላችሁ የምታውቁትን አንድ ጥቅስ ምረጡ፤ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ምዕራፍ አንብቡ። ቀድሞ ያልታያችሁ ምን ተገለጠላችሁ?
ሐ. በቁምስናችሁ ዘመዱን በስደት የሚጠብቅ ማን አለ? በዚህ ሳምንት ምን ልታደርጉለት ትችላላችሁ?

ቃሉን በነቢያት አፍ ያኖረ ጌታ ለምንሰብከው ታማኝነትን፣ ለምንሰማው ትዕግሥትን ይስጠን። አሜን።