ኃላፊውን ማኅደር ከምንጩ ማንበብ

በዘንዘልማ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ትምህርት በሚሰጥበት ግቢ፣ ባትሪው በደከመ ኮምፒውተር የሚሠራ ተማሪ መብራት በድንገት ሲጠፋ ሴቭ ያላደረገው ጽሑፍ አብሮ እንደሚጠፋ ያውቃል፤ ራም የሚባለው ማኅደር ኃይል ሲቋረጥበት የያዘውን ሁሉ ይለቃልና። ይህን ኃላፊና ጠፊ ማኅደር እንደ ዲስክ አድርጎ ፋይል የሚያኖርበት ሶፍትዌር ራም ዲስክ ይባላል፤ ፍጥነቱ እጅግ ከፍተኛ፣ ዕድሜው ግን ቢበዛ ኮምፒውተሩ እስኪጠፋ ድረስ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ የዚህን ነገር ምሥጢር በሌላ ሰው ሐተታ ብቻ ከመቀበል ይልቅ ከምንጭ ኮዱ እንድትመረምረው አጥብቄ እመክርሃለሁ። ይህ ኮድ የሚገኝበት የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ምንጭ ኮድ ማንም እንዲያነበው፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያድለው በጂ ፒ ኤል ፈቃድ የተለቀቀ ነው፤ ተጨምቆም ከ100 ሜጋባይት ስለሚበልጥ፣ ኢንተርኔት በሚያዘግምበት ስፍራ አንዱ ሌሊት አውርዶ ለባልንጀሮቹ በፍላሽ ቢያድል መልካም ነው፤ የጣና ደሴቶች ገዳማትም መጻሕፍትን ለእኛ ዘመን ያደረሱት እየገለበጡ ነውና።

ከዚያ ሁሉ ብዛት ፋይልን በራም በሚያኖረው፣ «ራምኤፍኤስ» በሚባለው ክፍል ያለችውን «አይኖድ» የምትባል ፋይል ምረጥ። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2000 የጻፋት ይህች ፋይል በጥቂት መቶ መስመሮች ሙሉ የፋይል ሥርዓት የያዘች ስትሆን፣ በራስጌዋ ያለው ማስታወሻ ዋና ጥቅሟ ለአብነት መሆኑን ይናገራል።

ሕፃን በየኔታ ፊት በግዕዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ ሳያልፍ ዳዊት እንደማይደግም፣ አንተም መጀመሪያ የፈንክሽኖቹን ስም ብቻ እየጠራህ ውረድ፤ ቀጥሎ ፋይል ሲፈጠር የትኛው የትኛውን እንደሚጠራ ተከተል፤ ከዚያም «ጽሑፉን ተቀብሎ የሚያኖረው ኮድ የቱ ነው?» ብለህ ፈልግ። እዚህ ላይ ትደነቃለህ፤ እንዲህ ያለ ኮድ ከሞላ ጎደል የለምና። ከርነሉ በተለምዶ የማንኛውንም ፋይል ይዘት አስቀድሞ በራም ገጾች ላይ ያኖራል፤ ሌላው የፋይል ሥርዓት ገጾቹን ኋላ በዲስክ ላይ ጽፎ ሊያስለቅቃቸው ሲችል፣ ራምኤፍኤስ ግን ከኋላው ዲስክ የሌለው ስለ ሆነ ገጾቹ በያዙት ስፍራ ይቀራሉ። ገደብም ስለሌለው ራሙን እስኪሞላ ድረስ ሊያድግ ይችላል፤ ስለዚህ ገደቡ በልማድ የራሙ እኩሌታ የሆነውና ራም ሲጠብበት በዲስክ ላይ ወዳለው ስዋፕ የሚሸሸው «ቲኤምፒኤፍኤስ» ተሠራ። መጠኑ የተወሰነው ጥንተኛው ራም ዲስክ «ቢአርዲ» በሚባለው ፋይል ይገኛል፤ በላዩ ሌላ የፋይል ሥርዓት ስለሚያሻውና አንዱን ይዘት በራም ውስጥ ሁለት ጊዜ ሊያስቀምጥ ስለሚችል፣ በእኔ አስተያየት ከሁሉ በኋላ ቢጠና ይሻላል። የሦስቱን ልዩነት ሮብ ላንድሊ እ.ኤ.አ. በ2005 የጻፈው፣ ከከርነሉ ጋር የሚታደለው ሰነድ በሚገባ ያብራራዋል።

ንባቡን ስትፈጽም በባዶ ፎልደር ላይ ራምኤፍኤስን ማውንት አድርገህ፣ ስምህን የያዘ ፋይል ጻፍበት፤ ከዚያ አንማውንት አድርገህ እንደገና ስትመልሰው ፎልደሩ ባዶ ይሆናል። ስምህ የጠፋበትን ፈንክሽን ከዚያችው ፋይል ግርጌ አካባቢ ታገኘዋለህ፤ በእርሱ ላይ አንዲት የማሳወቂያ መስመር ጨምረህ ከርነሉን እንደገና ኮምፓይል አድርግ።