ለእንቁላል ዶሮዎቻችን መኖና ውኃ



በቤቴል አካባቢ ላሉ አንዳንድ እናቶች አምስት አምስት የእንቁላል ዶሮዎች ባከፋፈልን ጊዜ ደስታችን ብዙ ነበር፤ ቁጥራቸውንም በሪፖርታችን ላይ ጻፍን። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን አንዲት እህት መጥታ፣ «በቀን አራት እንቁላል ይጥሉልኝ ነበር፤ ይኸው አሥር ቀን ሆነ፣ አንድም የለም፤ ልሽጣቸው እንዴ?» አለችን። የእንቁላሉ ገንዘብ ለልጆቿ ደብተር መግዣ ነበር። እኛም በሽታ ነው ብለን ሄድን። ዶሮዎቹ ላባቸውን ማራገፍ ጀምረዋል እንጂ አልታመሙም። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ነውና፣ ለሥራ ስትወጣ የምታስቀምጥላቸው አንድ ጣሳ ውኃ ገና በረፋዱ ይገለበጥ ነበር። ስሕተቱ የእኛ ነው፤ ዶሮ ሰጠን እንጂ ቀን ላይ ማን ያጠጣቸዋል ብለን አልጠየቅንም። ምሳሌ 27፥23ን ግን ስንት ጊዜ አስተምረናል!

እንግዲህ ከውኃ እንጀምር። አንዲት ዶሮ በቀን ሩብ ሊትር ያህል ትጠጣለች፤ በሙቀት ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። ውኃ ካጣች መኖም አትበላም፣ እንቁላልም ታቆማለች። ለአምስት ዶሮ አንድ ሊትር ተኩል ያህል፣ በማይገለበጥ ከባድ ዕቃ፣ ከጀርባቸው ከፍታ እኩል በሆነ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ። በየቀኑም ይታጠብ።

ስለ መኖ፦ ብዙዎቻችን የእንጀራ ፍርፋሪ እንበትናለን። ፍርፋሪ ሆድ ይሞላል እንጂ እንቁላል አይሠራም። የአገራችን ዶሮ ትልና ነፍሳት ጭራ ስለምትበላ ራሷን ትችላለች፤ የምትጥለው ግን በዓመት ከ40 እስከ 60 ገደማ ነው። በግቢ የተዘጋባት የተሻሻለ ዝርያ ግን ከእጃችን ካላገኘች ከየትም አታገኝም። በቀን 120 ግራም ያህል መኖ ያስፈልጋታል። የተዘጋጀውን መኖ መግዛት የማይችል ለ10 ኪሎ ይህን ይቀላቅል፦ የተከካ በቆሎ 5 ኪሎ፣ የኑግ ፋጉሎ 2 ኪሎ፣ ፉርሽካ 1 ኪሎ ተኩል፣ ተቆልቶ የተፈጨ አኩሪ አተር 700 ግራም፣ የመኖ ኖራ 750 ግራም፣ ጨው 50 ግራም። አኩሪ አተሩ ሳይቆላ አይሰጥ። ኖራውም ለግድግዳ የሚቀባው የተቃጠለው አይደለም፤ ያ ያቃጥላቸዋል። ጎመን ቢታከልበት መልካም ነው። ይህ ለአምስት ዶሮ 16 ቀን ያህል ይበቃል። የሻገተ እህል ግን፣ «ለዶሮ ምን አለበት» ተብሎ አይሰጥ፤ መርዝ አለበትና።

ቤቱ ደረቅ ይሁን። ለአምስት ዶሮ አንድ ካሬ ሜትር፣ መስፈሪያ እንጨት፣ አንድ መጣያ ሣጥን፣ ከታች ጭድ ወይም ሰጋቱራ። በክረምት የረጠበውን ጭድ አውጥቶ መለወጥ ግድ ነው። ደም ያለበት ኩስ ካያችሁ ሳትዘገዩ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ፈንግል ከገባ ግን መድኃኒት የለውም፤ አስቀድሞ መከተብ ብቻ ነው። ክትባቱ በቢሾፍቱ በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች የሚሆን ስለሆነና ከተበጠበጠ በኋላ ለነገ ስለማይቆይ፣ ጎረቤታሞች በአንድ ቀን ተሰብስባችሁ አስከትቡ። በበረዶ ይያዝ። በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ከሆነም ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ክትባቱን ያበላሸዋል።

አንድ ነገር እንጨምር። በሁዳዴ 55 ቀን ገዢዎቻችን ብዙዎቹ ጿሚዎች ስለሆኑ እንቁላል ይረክሳል፤ ዶሮዋ ግን አትጾምም። የሁለት ወር የመኖ ገንዘብ ከገና ሽያጭ ላይ ቀድሞ ይቀመጥ። ያልተሸጠውን እንቁላል ልጆቻችን ይብሉት፤ በየቤቱ ስንዞር ለገበያ ብቻ እየተቆጠበ ሕፃናት ሳይቀምሱት አይተናልና።

እህታችን ዶሮዎቿን አልሸጠችም። በከባድ የሸክላ ገበታ ውኃ አስቀመጠች፤ እኩለ ቀን ላይ የጎረቤቷ ልጅ እየመጣ ይሞላዋል፣ ለድካሙም በሳምንት ሁለት እንቁላል ይወስዳል። ከሁለት ወር በኋላ ሦስቱ መጣል ጀምረዋል።